ተማሪ የሌለው ካላሪ

ካላሪ በሚባለው የህንድ የትግል ማሠልጠኛ ውስጥ የሚማር ሰው የሚንቀሳቀሰው በመምህሩ ቃል ነው። መምህሩ እንቅስቃሴውን ይጠራል፣ ተማሪው ይታዘዛል። መምህሩ ራይሩ ጉሩካል ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራ ኖሮ፣ የመጨረሻው ተማሪው ዱባይ ከገባ በኋላ እንኳ አልተወም። በየማለዳው ከመሬት ዝቅ ብሎ ወደተቆፈረው ሜዳ በቀኝ እግሩ ይወርዳል፣ አፈሩን ነክቶ ግንባሩን ይዳስሳል፣ ከዚያ ማንም በሌለበት «ግራ እግርህን አንሣ! ዝቅ! ዙር!» እያለ ይጮኻል። ድምፁ እስከተሰማ ድረስ ሰፈሩ ካላሪው አልተዘጋም ይላል። የታላሴሪን ከተማ ትቶ እሷ ወዳለችበት ኮቺ እንዲገባ የምትጨቀጭቀው ልጁም «ተማሪ ካለህማ ቆይ» ትለዋለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ልጁ ሻይላጃ አንድ ማለዳ ሳትነግረው መጥታ አፋፉ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ማንን ነው የምታዘው?»

«እ... ዛሬ ቀርተው ነው።»

«ሁሉም?»

ልጁ ፊት እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። እሷም አልተቆጣችም፤ አለቀሰች እንጂ።

«ብቻህን ስትጮኽ ልታብድብኝ ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን፣ አለቀ።»

እሺ አለ። ምን ይበል?

በነጋታው ሻይላጃ ዕቃውን መኪና ላይ ስትጭን፣ ጉሩካል ካላሪውን ሊሰናበት ወረደ። ልጁ እንዳትሰማው ቶሎ ቶሎ ጠራ። «ዝቅ! ተነሥ! ዙር! ዝቅ!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰውዬ!»

ድምፁ ከጎረቤት፣ ከግንቡ ማዶ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የቀረችው አሮጊቷ ቺሩታ ነበረች፤ ከሱ ዛፍ ግቢዋ ስለሚወድቀው የኮኮናት ቅጠል ካልሆነ በቀር ከጉሩካል ጋር ተነጋግረው አያውቁም።

«ምን አልሽ?»

«ገና ከመጀመሪያው ዝቅ አልተነሣሁም! ዛሬ ምን ያጣድፍዎታል? ጉልበቴን ሊሰብሩት ነው?»

«አንቺ... በኔ ቃል ትሠሪያለሽ?»

«ታዲያ በማን ቃል ልሥራ? እዚህ ቤት የሚያናግረኝ ሌላ ሰው አለ?»

ስንት ማለዳ ሲጠራ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ሳይላት ቀረ።

የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። «አባዬ! ረፈደብን እኮ!»

ወደ ግንቡ ዞረ። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለ። «አሁን ዝቅ... ቀስ ብለሽ፣ እጠብቅሻለሁ።» ከዚያ ወደ በሩ አንጋጦ ጮኸ።

«ሻይላጃ፣ ሞተሩን አጥፊው! ተማሪዬ አልጨረሰችም!»