የአራስ ቅቤ

ሀፍሷ ደንብ ያላት አጭበርባሪ ነበረች። መርካቶ ጭድ ተራ ባለችው ጠባብ ሱቋ ሁለት ባልዲ ቅቤ ይቀመጣል። አንደኛው እንደመጣ ያለ ለጋ ቅቤ ነው። ሁለተኛው ግን የሚረጋ ዘይት እኩል ለእኩል ታሽቶበታል፤ በዓይን ቢያዩት አይለይም። «ለአራስ ነው» ወይም «ነፍሰ ጡር አለችብኝ» ያለ ሰው ከመጀመሪያው ባልዲ ይመዘንለታል። ዝም ብሎ «ኪሎ ስጪኝ» ያለ ደግሞ ከሁለተኛው። በዚህ ደንቧ ትኮራ ነበር እንጂ አታፍርም። ጎረቤት ነጋዴዎች እኮ አራስም ሽማግሌም አይለዩም፤ እሷ ግን አላህን እፈራለሁ ትላለች፣ ያውም እጇ ዘይትና ቅቤ እያሸ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጇ ማሂራ ትኩሳት ይዟት ጤና ጣቢያ ደርሳ መመለሷን ሰማች። ሱቁን ዘግታ ሲኒማ ራስ ጀርባ ወዳለው የልጇ ቤት ገሰገሰች። ማሂራ ከወለደች ሃያ ስድስት ቀኗ ነው። ሕፃኑን ታቅፋ ተጋድማለች፤ አንዱ ጡቷ ቀልቶ አብጧል። በቅርቡ ጎን ያለውን ክፍል የተከራየችው ጎጃሜዋ ሠርኬ አጠገቧ ተቀምጣ ጨርቅ እያሞቀች ታቀብላታለች።

«ወተቱ ታምቆ ነው አሉኝ፤ መድኃኒት ሰጥተውኛል» አለች ማሂራ። «ነርሷ ግን የምበላውን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እናት የምትበላው የስብ ዓይነት ወተቷ ውስጥ ይገባል አለችኝ። የሚረጋ ዘይት አታብዢ፣ ሰውነትሽም እንዳይቆጣ ደህና ደህናውን ምረጪ አለችኝ። እኔማ እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ እንዲህ ያለ ዘይት ቤቴ አይገባም ብዬ ተኩራራሁባት።»

ሀፍሷም ደስ አላት። ለወሊዱ ከመጀመሪያው ባልዲ ሦስት ኪሎ ሙሉ ነበር ያመጣችው። ድንገት ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ በኮባ ከተጠቀለለው ቅቤ ላይ አረፈ።

«ያ ቅቤ እስካሁን አላለቀም?»

«እሱማ እንግዳ ሲበዛ አለቀ። ደግሜ ልጠይቅሽ አፍሬ ሠርኬን ሱቅሽ ላክኋት። ስሜን ከሰማሽ ብር አልቀበልም ስለምትዪ፣ ማን እንደላከሽ አትንገሪያት አልኳት። ሁለቴ ገዝታልኛለች።»

ሀፍሷ ወደ ሠርኬ ዞረች። አሁን አወቀቻት። ዋጋ የማትከራከር፣ አንገቷን የደፋች ደንበኛ። ከሁለተኛው ባልዲ መዝናላት፣ «ከዚህ የተሻለ ቅቤ መርካቶን ብትዞሪ አታገኚም» ብላ መርቃ ነበር የሸኘቻት። እፍረቱ ከጆሮዋ ጀምሮ አጋላት። ዝም ብዬ ነገ ደህናውን ባመጣስ ብላ አሰበች፤ ማን ያውቃል? ሀፍሷ ይህን ስታስብ ማሂራ ደህናውን ጡቷን ለሕፃኑ አጎረሰችው።

«ያን ቅቤ አትብዪው» አለች ሀፍሷ።

«ለምን?»

«ዘይት አለበት። እኔው ነኝ የቀላቀልኩት።»

ማሂራ እናቷን አየቻት። ከዚያ ሕፃኑን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ብትጮህባት ለሀፍሷ ይሻላት ነበር።

«ለአራስ መሆኑን ብትነግረኝ ኖሮ ከደህናው እሰጣት ነበር» አለች፣ አንደበቷ እየተቻኮለ። «ወላሂ ለአራስ ያንን አልሸጥም። ለነፍሰ ጡርም አልሸጥም። መናገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።»

ሠርኬ ጨርቁን አስቀመጠች።

«እትዬ ሀፍሷ፣ እኔም ለራሴ ከዚያው ገዝቼ እየበላሁ ነው።»

«አንቺማ ጤነኛ ነሽ፣ ልጄ።»

«ካረገዝኩ አራት ወሬ ነው» አለች ሠርኬ ቀስ ብላ። ማሂራ ሳይቀር ቀና አለች። «ሁለቴ ስለጨነገፈብኝ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለማሂራም ገና አሁን መናገሬ ነው። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቆሜ እንዴት ልንገርዎት ኖሯል?»

በቁጣ አልነበረም የጠየቀቻት፤ እንደ ታላቋ አክብራት ነበር። ሀፍሷ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። ሠርኬ መልሱን እየጠበቀች ነበር።