ከብላቴ የወጣው ዱካ

ኤርካሎን የብላቴ ወንዝ የወሰደው በ1951 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዲምቱ ወዲያ፣ ከወንዙ ማዶ ለሽምግልና ተጠርቶ ነበር። ከአያቱ የወረሰውን ባለ ሦስት እግር የዋንዛ ዱካ በበቅሎው ላይ ጭኖ እየተሻገረ ሳለ መሐል ላይ ደራሽ ውሃ መጣበት። በቅሎዋ ወጣች፤ እሱ ግን አልተገኘም።

ሚስቱ አባይነሽ ሶዶ ሆና ወሬውን ስትሰማ አላለቀሰችም። የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች አብረዋት ተቀምጠው ዘመሩ፣ ጸለዩ። እሷ ውሃ ስትቀዳላቸው ዋለች። ጊዜ ሲያልፍ ኀዘኑ ይወጣላታል ተባለ። አልወጣላትም።

በተከታዩ ዓመት በጋ ወንዙ ሲጎድል፣ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ዱካውን ከጭቃ ውስጥ አወጡት። ዲምቱ የሚኖረው የኤርካሎ ታናሽ ወንድም ሶርሳ ቅርጹን አይቶ አወቀውና በጆንያ ጠቅልሎ አመጣላት። ዱካው ጠቁሯል፤ ጥፍር ሲጫነው ይሰረጉዳል።

አባይነሽ ተሸክማው ገበያው አጠገብ ወደሚሠራው ጉራጌ አናጺ፣ ወደ ገበየው ሄደች። ገበየው እንዲህ ያለ እንጨት አንዴ አጋጥሞት ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንዳበላሸው አልሸሸገም።

"ውጭው ቶሎ ከደረቀ ውስጡ ውሃ እንደያዘ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ይሰነጠቃል" አላት። "ጥላ ውስጥ፣ በእርጥብ ቅጠል አድርጊው። ቀስ ብለሽ።"

"ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ጋሽ ገበየው?"

"እሱን አላውቅም።"

ጭቃውን በለስላሳ ጨርቅ አጥባ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለችው። ጠዋት ጠዋት ፈታ ሻጋታውን ትጠርጋለች፣ ቅጠሉን ትለውጣለች፤ እያደር ደግሞ መጠቅለያውን አሳሳችው። ጎረቤቶቿ ከባሏ ጋር የምታወራ መስሏቸው ነበር። አታወራም። እጇ ይሠራል፤ ሐሳቧ የትም አይሄድም።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ ዱካው ደረቀ። አንዱ እግር ብቻ ተሰንጥቆ ነበር፤ ገበየው በቀጭን ጠፍር አሰረላት።

ሶርሳ ለበዓሉ ሊጠይቃት መጥቶ ዱካውን ሲያይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አባይነሽ ውሃ አቀረበችለትና እስኪረጋጋ ጠበቀችው።

"አንቺስ፣ እትዬ?" አላት በመጨረሻ።

"እኔ ደህና ነኝ" አለች። "ውሰደው። ሽማግሌ የሚቀመጥበት ነው።"

አልወስድም ብሎ ተከራከራት። እሷ ግን አንስታ እቅፉ ላይ አስቀመጠችለት። በመንገዱ ላይ ወዳለችው ቦዲቲ የሚሄድ ጭነት መኪና እስኪያገኝም መንገድ ዳር አብራው ቆመች። ከዚያ ቤቷ ገብታ ዱካው የነበረበትን ጥግ ጠረገች፤ እራቷን በልታ ተኛች።