ከፎቶው ያልወጣው ልጅ

«አውርዱት አልኩ!» አለች ዘውዲ።

 የገርጂ ኮንዶሚኒየም ወጣቶች ፎቶውን አንሶላ በሚያህል ባነር አሳትመው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊቷ ሰቅለውታል። ልጇ ቃልአብ ጎርፍ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ ይታያል፤ በቢጫ ጃኬቱ የተጠቀለለች ሕፃን ከራሱ በላይ አንስቷል። ከሥሩ «ተስፋ» ተብሎ ተጽፏል።

«ዘውዲዬ፣ ስንቱ ሰው በዚህ ፎቶ ተጽናና መሰለሽ» አላት ወንድሟ ይሕደጎ ጠጋ ብሎ። «ልጅቷ ተርፋለች። ሰው የሚያየው እሷን ነው።»

«እኔ የማየው እሱን ነው። እዚያ ላይ አሁንም ውሃ ውስጥ ነው። ማን ያወጣዋል?»

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ስልኩን እያወጣ ያንኑ ያሳያታል። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ብትጥልም ውሃው ከዓይኗ አይሄድላትም።

ዘውዲ ድሮም ክፉ ነገር ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት። ልጇ ጉርድ ሾላ ደርሶ ሲመለስ እንኳ ሁለቴ ትደውል ነበር። «ማሚ፣ አንቺ እኮ በፀሐይም ጃንጥላ ትይዣለሽ» እያለ ይስቅባት ነበር። ጎርፉ የመጣ ቀንም ደረጃው ላይ ደርሳበት ጃኬቱን አስለበሰችው፤ ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋችለት።

«ኧረ ማሚ፣ ሰው ያየኛል!»

«ይይህ። ዝናብ አለ።»

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞልቶ ቃልአብ የተሳፈረበትን ሚኒባስ ከበበው። ቃልአብ አጠገቡ የነበረችውን ሕፃን ጃኬቱን አልብሶ በመስኮት ይዟት ወጣ፤ ውሃው ውስጥ ቆሞ ድልድዩ ላይ ለቆሙት ሰዎች አቀበላት። እሱን ግን ጎርፉ ወሰደው።

አንዱ ወጣት መሰላል ላይ ወጥቶ የባነሩን ገመድ መፍታት ሲጀምር የሕፃኗ እናት ጫልቱ ገባች። ልጇ ሄሊና አብራት ናት፤ ቢጫው ጃኬት ከጉልበቷ በታች ወርዶባታል።

«እትዬ ዘውዲ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ጫልቱ እንባዋ እየቀደማት። «አጥቤ ልመልስልዎት ነበር። አላወልቅም ብላ አስቸገረችኝ።»

ሄሊና ባነሩን ቀና ብላ አየች።

«ዚፑን እሱ ነው የዘጋልኝ» አለች። አገጯን ነካች። «እስከዚህ። ዝናብ አለ አለኝ።»

ዘውዲ እጇን ዘረጋች። ሕፃኗ ቀረበቻት። ዚፑ ደረቷ ላይ ተከፍቶ ነበር።

«እትዬ፣ ላውርደው?» አለ መሰላሉ ላይ ያለው ወጣት።

«ይቆይ።»

ዚፑን ቀስ አድርጋ እስከ ሕፃኗ አገጭ ሳበችው። ዘጋችው፤ ጣቶቿ ግን አልለቀቁትም።