የጨፌው ትንፋሽ

ፀሐይ ወደ ማደሪያዋ ስታዘቀዝቅ ከደጄ ተቀምጬ ቁልቁል ወደ ጨፌው እመለከት ነበር። ይህ ጨፌ ከመንደራችን ግርጌ የተንጣለለ፣ በጋ ከክረምት ውኃ የማይለየው ረግረግ ነው፤ መካከሉ ላይ አናቱ ብቻ ብቅ ያለ አንድ ድንጋይ አለ፣ ዳክዬ የሚያርፍበት። በማግስቱ ግን የጨፌው ዕድሜ ሊያበቃ ነው። ልጄ ደምለው ሚስት አጭቶ የሚያርሰው መሬት አጥቷልና፣ ቦይ ቀድደን ውኃውን ልናፈስስ፣ ጥቁሩን አፈር እየከመርን ከኩበት ጋር አጭሰን ገብስ ልንዘራበት ደቦ ጠርተናል። ጠላው ተጠምቋል፣ ዶማው ተስሏል። አፈር ማጨስን ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ሰው ይሰውራል፣ ከዚያ በኋላ ስላለው ዓመት ግን አንስቶ የሚያወራ የለም። እርግጥ ከደጄ ያለው ማሳ አለኝ፤ እርሱን ለእርጅናዬ ብዬ ነው የያዝሁት።

ልቤ ግን እንቢ ብሎ ከበደኝ። ከጨፌው የሚነሣው እንፋሎትና ከውኃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው አየር ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያስገርመኝ ኖሯል። ይህ አየር ከወዴት መጥቶ ወዴት ይሄዳል ብዬ ባለቤቴን ማንጠግቦሽን ብጠይቃት፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትጠይቅ ኖረህ አንድ ቀን እንኳ መልስ ይዘህ አልገባህም ብላ ሣቀችብኝ። እውነቷን ነው። ኩታዬን ተከናንቤ ግድግዳውን እንደ ተደገፍሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እነሆም በእንቅልፌ ውስጥ ቀን ሆነ፤ በማላውቀውም አገር ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ኮረብታው ሁሉ ለምልሟል፤ እህሉ የታጨደበት ማሳ እንኳ ገለባውን እንደ ለበሰ ነው እንጂ ራቁቱን የቀረ አንድ ትልም የለም፤ የአፈር ጭስ የሚባል ነገር በአድማሱ ላይ አይታይም። ከሸለቆው ረግረግ መካከል ወፍ እንደሚጠበቅበት ማማ ያለ ረጅምና ቀጭን ምሰሶ ቆሟል፤ በጫፉ ላይ ግን ወፍ የሚያባርር ሰው ሳይሆን ወደ ነፋሱ የዞሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩ። ከምሰሶውም ሥር አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ጎልማሳ ሴት እጅ ነሥታኝ፣ የዚህ አጥቢያ ዳኛ መሆኗን ነገረችኝ።

«መሬቱን ለመስማት መጥተው ነው፣ አባቴ?» አለችኝ።

«መሬት ምን ይናገርና ይሰማል፣ እመት?»

«አይናገርም፤ ይተነፍሳል።»

የእኔም የጥያቄ ቋት ተከፈተ። እርስዋም ሳትሰለች አስረዳችኝ፤ ቅጠል በብርሃን ጊዜ አየር ስቦ ሥጋውን እንደሚሠራ፣ ሲመሽ እርሱም አፈሩም መልሰው እንደሚተነፍሱ፣ ምሰሶውም ነፋስ ሲወርድ ይዞት የመጣውን፣ ሲወጣ ይዞት የሚሄደውን እያስተያየ መሬቱ ምን እንደ ወሰደና ምን እንደ ሰጠ እንደሚለይ። በሣሩ መካከል ደግሞ ጥርት ያለ ዕቃ እንደ ገንቦ ተደፍቶ ነበር፤ ከሥሩ የታፈነው አየር ሲለወጥ የዚያች ቁራሽ መሬት ትንፋሽ ይታወቃል። በዚያ አገር ማንም ሰው አዲስ ቦይ ከመቅደዱ በፊት ይህ ሁሉ በጋና ክረምት ይለካል፤ ውጤቱም ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ለሕዝብ ይነገራል። አንዳንዱ ገበሬ መሬቴ ከሚስቴ ይልቅ ታማኛለች እያለ ያጉረመርማል አሉ፤ ነገር ግን ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይሄድም።

«ይህ ቡልቅ የሚለውስ ደግ ትንፋሽ ነው?» አልኋት።

«አይደለም። ከሥር የበሰበሰው የሚያወጣው ነው፤ ዓለምን ያሞቃል። ክፉውንም አንደብቅም፣ እንለካዋለን።»

«ታዲያ ማድረቁ አይሻልም?»

«እንዲህ ያለ ሰው ከዚህ ቀደም ነበረ፤ ይምጡ» ብላ ከኮረብታው ማዶ ወሰደችኝ።

በዚያም ምድሩ እንደ አመድ የሳሳ፣ የተሰነጣጠቀና የጎደጎደ ሆኖ አየሁት። መካከሉ ላይ ጎጆ የሚያህል ድንጋይ ተገትሯል። አናቱን ሳየው አወቅሁት፤ ዳክዬ የሚያርፍበት ያ የእኛ ድንጋይ ነበር።

«ይህ ድንጋይ አደገ?» አልኋት።

«ድንጋይ አያድግም፣ አባቴ። መሬቱ ነው የወረደው።»

«ወዴት ሄደ?»

እጇን ወደ ሰማይ አነሣች። ጥቁሩን አፈር ያቆየው ውኃው እንደ ነበር፣ ውኃው ሲፈስ ግማሹ በጭስ በአንድ ጊዜ፣ የቀረውም ከዓመት ዓመት እየመነመነ አየር ሆኖ እንደ ሄደ ነገረችኝ። ረግረጉ ይተነፍሰው ከነበረው ክፉ አየር ጋር ቢመዛዘን የሄደው እጅግ በልጦ ተገኘ።

«ቦይ የቀደደው ሰው ልጁ መሬት አጥቶበት ቢሆንስ?» አልኋት።

«በእኛ ዘንድ ካለው ላይ ይካፈላል። ማሳውን ታቅፎ የሚያረጅ አባት የለም።»

«የማን ልጅ ነዎት፣ እመት?»

«ይርገዱ እባላለሁ፤ የአድማሱ ልጅ። አድማሱ የደምለው፣ ደምለው የጓንጉል። ይህን ቦይ የቀደደው ጓንጉል ነው። እኛም መለካትን የተማርነው ከዚህ ጉድጓድ ነው።»

ጓንጉል እኔ ነኝ። አፈርሁና፣ «እንግዲያማ ቦዩ ባይቀደድ ኖሮ ባልተማራችሁ» አልኋት፣ እንደ ማምለጫ።

እርስዋም አዝና ተመለከተችኝ። «ቢነገረንም እንማር ነበር» አለችኝ።

«ልጄ» ልላት ስል ነቃሁ። ሰማዩ ወገግ ብሏል፤ ማንጠግቦሽ ሌሊቱን ጋቢ ደርባብኝ ኖሯል። ከመንገዱ ላይ የደቦው ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ ደምለውም ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ከደጄ ያለውን ማሳ አሳየሁትና ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው አልሁት፤ አባቴ ታመመ እንዴ ብሎ እናቱን ተመለከተ። ጠላው እንደሆነ ተጠምቋል፣ ሰውም ተጠርቷል፤ ያየሁትን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጉባኤ አላገኝም። ይሣቁብኝ፣ ዶማቸውን አስቀምጠው ይስሙኝ እንጂ። ይርገዱ ስትመጣ ያን ድንጋይ አናቱ ብቻ ብቅ ብሎ፣ ዳክዬ አርፎበት ታገኘው ዘንድ።