የያረጋል አንቱታ

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ዘገየ። ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ። ከጦርነት የሸሸው ሰው የምንኖርበትን የሱዳን ከተማ ገዳሪፍን ሞላው፤ ከዚያ ኮሌራ ገባ። ልጄን ያረጋልን ወሰደው።

ኮምፒውተሩ ቀረ። ለእኔ የተወው ቃል እንዳለ ማወቅ ፈለግኩና ጓደኛውን እስማኤልን አስጠራሁት።

"አሚ አስናቀው" አለኝ፣ በዓረብኛ 'አጎቴ' ማለቱ ነው፣ ከፍቶ ሲያይ፣ "ልጅህ ኮምፒውተር የሚታዘዝበት የራሱን ቋንቋ ፈጥሯል። ሰው እንዲቸገርበት ሆን ብሎ ነው። እንዲህ እየሠሩ የሚጫወቱ አሉ። እዚህ 'ለአባባ' የሚል ፋይል አለ፤ ግን እምቢ አለኝ።"

"አሳይ" ብሎ ጻፈ።

"እንደሱ አይባልም" የሚል መልስ ወጣ።

ቃሉ የእኔ ነው። ያረጋል እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው። "በዓረብኛ ሁሉም አንተ ነው" እያለ እኔንም አንተ ይለኝ ነበር። 'እንደሱ አይባልም' ብዬ ስቆጣው ይስቃል፤ "አንቱታህ ዕዳ ይሁንብኝ፣ አንድ ቀን እከፍልሃለሁ" ይለኛል።

እስማኤል "እባክህ አሳይ" ብሎ ሞከረ።

"እንደሱ አይባልም።"

ልጄ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ በእኔ ድምፅ የሚቆጣ መሰለኝ።

"ያሳዩ በለው" አልኩት።

"ማሽን አንቱ ሊባል? ወላሂ፣ ሰው ይስቅብኛል!"

"ጻፍ።"

ጻፈ። ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጨለመ። ከዚያ ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጡ።

"እንዴት ዋሉ፣ አባባ?"

እስማኤል ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ዓይኔን ከፊደሎቹ አላነሳሁም።

"ደህና ዋልኩ፣ ልጄ" አልኩት። "ከፍለሃል።"