ለአረፋ የተቀበረው ቆጮ

ወይዘሮ ሀጀራ እንደሚሉት፣ ለአረፋ የተቀበረው ቆጮ የተበላሸው ምራታቸው ሳሌሃ ቤቷን ጥላ ለስልጠና ወልቂጤ ስለከረመች ነው። ልጃቸው ራምዚ እንደሚለው ደግሞ ጥፋቱ የጎረቤታቸው የናጃህ ፍየል ነው፤ በአጥር ሾልካ ገብታ ጉድጓዱን ከፈተችው። የቡታጅራ መንደርተኛ ሁለቱንም ሰምቶ የሚጥመውን አመነ። ፍየሏን የጠየቃት የለም።

ሳሌሃ የውሃ መሐንዲስ ናት። ትናንት ከወልቂጤ የተመለሰችው መልካም ወሬ ይዛ ነበር፤ እዚያ ያለውን የውሃ ጽሕፈት ቤት እንድትመራ ተጠይቃ፣ ዛሬ ቁርጡን እንድታሳውቅ ተነግሯታል። ጓሮ ስትገባ ግን የተቀበላት ምርቃት ሳይሆን ሽታ ነው። ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል፣ ዝናብ ገብቶበታል፣ ዶሮዎች የሻገተውን ቆጮ ይጭራሉ። አረፋ ደርሷል፤ የአዲስ አበባው ዘመድ ሁሉ ሊጎርፍ ነው።

"ሹመት አልጠላም" አሉ ወይዘሮ ሀጀራ ቁርስ ላይ። "ሰውን ውሃ ማጠጣት ሰደቃ ነው። ግን ልጄ፣ አንድ ሳምንት ብትሄጂ ቆጮው እንዲህ ከሆነ፣ ጠቅልለሽ ስትሄጂ ልጆቹ ምን ሊሆኑ ነው? እነሱም ይሻግቱ?"

"እማ፣ ልጆቹ እኮ ጉድጓድ ውስጥ አይደሉም።"

"አፍሽስ ለሹመት ይበቃል።"

ሳሌሃ ወደ ባሏ ዞረች። ራምዚ ባጃጅ ነጂ ነው፤ በሌላ ቀን ወሬው ከሞተሩ ይበልጣል። ዛሬ ግን የሻይ ብርጭቆው ውስጥ አቀርቅሯል።

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"ፍየሏን ማሰር ነበር።"

"ስለ ሥራው ነው የጠየቅኩህ።"

"እሱማ... አላህ ያውቃል።"

ሳሌሃ ስልጠናው ላይ ስንቱን አፈኛ መልስ አሳጥታ ነበር። ጉድጓዱ ላይ ሲደርስ ግን ራሷን መክሰስ ጀመረች። የእንሰት ቅጠሉን አልብሳ፣ መጫኛ ድንጋዩን ደርድራ የሄደችው ራሷ ናት። ምናልባት ተቻኩዬ ይሆናል አለች በልቧ። ቤቱ ያለ እኔ አንድ ሳምንት ካልቆመ፣ ምኑን ሹመት ተቀበልኩት? "ይቅርብኝ" ልትል ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ በር ወጣች።

በሩ ጋ የራምዚ ባጃጅ አንድ ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሳሌሃ ጎንበስ አለች። ድንጋዮቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ኮምጠጥ ያለ ይሸታሉ፤ አንዱ ላይ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተለጥፏል። ስልኩን ኪሷ መለሰችው።

"ራምዚ፣ እስቲ ና። ይህቺ ፍየል ባጃጅም ትጠግናለች?"

ራምዚ ጭንቅላቱን አከከ። "ባጃጇን የማነሳበትን ክሪክ የወሰደው ልጅ አልመለሰልኝም። ድንጋይ ድንጋይ ነው ብዬ ከጉድጓዱ ላይ አነሳሁ... ወዲያው እመልሳለሁ ስል ረሳሁት። ሽታው ሲመጣ ደግሞ እማን ፈራሁ።"

"እኔ ሥራዬን ልተወው ስልክ አንስቼ ነበር።"

ራምዚ ፊቱ ጠቆረ። "እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም፣ ወላሂ።"

"ሻዩ ውስጥ ታዲያ ምን ስትፈልግ ነበር?"

ወይዘሮ ሀጀራ ከኋላ ደርሰው ኖሮ ድንጋዩን አሸተቱ፣ ልጃቸውንም ከእግር እስከ ራሱ አዩት። የእንሰት ሥራ የሴት ነው ብለው ወደ ጉድጓዱ ሳያስጠጉ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

"ሴት ስለሄደች ነው ብዬ መንደሩን አዳረስኩት" አሉ ቀስ ብለው። "ለካ ወንድ ቤት ስለቀረ ነው።" ከዚያም ጨመሩ፣ "የልጆቹ ነገር ግን አሁንም አለ።"

"ባጃጅ ወልቂጤም ይሠራል" አለ ራምዚ። "ሁላችንም እንሂድ። እማም።"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አሉ ወይዘሮ ሀጀራ፤ ዓይናቸው ግን ከወዲሁ ምን እንደሚጫንና ምን እንደሚቀር ጓሮውን ይቃኝ ጀምሯል።

ሳሌሃ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አደረገች።

"አዎ፣ ሳሌሃ ነኝ። ሥራውን እቀበላለሁ። ቤተሰቤን ይዤ የምመጣው ግን ከአረፋ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ባለቤቴ ቆጮ መቅበር ይማራል።"