ለዘመድ የተቀመጠ

«ጉበቷ ድሮም ደካማ ነበር» አለ የልጅቷ አጎት፣ ለቅሶ የመጡት ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እህቴን ከኔ በላይ ማን ያውቃታል?»

ልጅቷ ትሪዋን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ተመለሰች። አክስቷ ተከተለቻት።

«ዋጥ አድርጊው የኔ ልጅ። ሆን ብሎ አላደረገውም።»

«ውሸቱንስ፣ ሆን ብሎ አይደለም?»

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሐኪም ቤት ሂጂ ሲሏት «ባለ መድኃኒት ቤት ወንድም እያለኝ?» ትል ነበር፣ በኩራት። ደረቷን ያመማት ጊዜ አጎቷ አንድ ፓኮ ከኮቱ ኪስ አወጣ። «ይሄ የማይገድለው ጀርም የለም። አሁን የትም አታገኚውም፤ ለዘመድ ብዬ ያስቀረሁት ነው።» እናቷ እንደ ጌጥ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ብዙ ሳይቆይ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። «የአምፖሉ ነው» አለች፣ መርፌዋ ላይ እንዳቀረቀረች።

ሐኪሙ ባዶውን ፓኮ አገላብጦ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ እኮ ጉበት ይጨርሳል ተብሎ ከገበያ የታገደ ነው! መድኃኒት ቤቶች ሁሉ መልሱ ተብለው ነበር። ማነው የሰጣት?»

ልጅቷ አጎቷን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያዘችው። ደንግጦ ነበር፤ ያለው ግን፣ «ለሌላ ለማንም አልሰጠሁም እኮ! ለእናንተ ብቻ ነው!»

ዛሬ ጠዋት የእናቷን የስፌት ሣጥን ስትከፍት በሰማያዊ ክር የተሰፋች ቁራጭ ጨርቅ አገኘች። በጣቷ ዳበሰቻት፤ ውስጧ ክኒኖች ነበሩ። እናቷ ከመድኃኒቱ ቆጥባ፣ ለልጇ ለክፉ ቀን አስቀምጣላት ነበር።

አክስቷ ሻይ ስትቀዳ ልጅቷ ስፌቱን ተረተረች።

ሳሎን ገብታ ሻዩን ለእንግዶቹ አዳረሰች። አጎቷ ጋ ስትደርስ ከስኳሩ አጠገብ፣ የስኒው ማስቀመጫ ላይ፣ የተረፉትን ክኒኖች አኖረችለት።

«ይውሰዱ፣ ጋሼ። ለዘመድ የተቀመጠ ነው።»

አጎቷ ክኒኖቹን በመዳፉ ሸፈናቸው። «እህቴ ጉበቷ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እጁን ግን አላነሣም፤ ሻዩ እፊቱ ቀዘቀዘ።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሰማያዊውን ክር በጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችው፣ ደግሞ ጠመጠመችው፤ እናቷ ትርፍ ክር እንዳይባክን ታደርግ እንደነበረው።